ለውድድር የሚሄደው ልጁ ብቻ አይደለም



ፈተና አልቆ ወደየቤታችን የምንበተንበት ጊዜ ደርሷል። ከወረታና ከፎገራ ሜዳ የመጣን ልጆች ቤት ስንገባ በየዓመቱ የሚጠብቀን ጥያቄ አለ። «ልጅቷ ለሩጫ ተመርጣለች ይላሉ፤ ልላካት ወይስ ትቅር?» «ልጁ ቴኳንዶ ካልተመዘገብኩ ብሎ ቤቱን አመሰው፤ ሐራም አይደለም ወይ?» ጠያቂዎቹ እናቶችና አባቶች፣ አንዳንዴም መድረሳ ያስቀሩን ኡስታዞቻችን ናቸው። እኛን የሚጠይቁን መድረሳውንም የመንግሥት ትምህርት ቤቱንም ስለምናውቅ ነው። በሁለቱም በኩል ቋንቋ እንሰማለን።

ለእነዚህ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። ወይ «ይሂድ፣ ምን ችግር አለው» ይባላል፤ ወይ «ይቅርበት፣ ትምህርቱን ይያዝ»። ሁለቱም ቤተሰቡን ከነጭንቀቱ ጥለውት ይሄዳሉ። የእኛ አቋም ግን ይህ ነው፦ የታዳጊ ልጅ ውድድር በአብዛኛው የሚበላሸው ልጁ ጉልበት አጥቶ ሳይሆን ቤቱ ሳይዘጋጅ ቀርቶ ነው። ቤቱን ማዘጋጀት ደግሞ ከማንም በላይ እኛ የምንችለው ሥራ ነው።

«ሐራም አይደለም ወይ?»

ይህን ጥያቄ ዘልሎ ስለ ጫማና ስለ ቱታ ማውራት አይቻልም። በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ እንደምናገኘው በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ይጫወቱ ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኋላ ቆመው እስኪበቃቸው ድረስ ተመለከቱ። ዑመር (ረ.ዐ) ሊያስቆሟቸው ሲነሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲተዋቸው ነገሯቸው። ያን ጨዋታ የተጫወቱት የእኛው ምድር ሰዎች ናቸው። ፈረሶችን ያወዳደሩትም፣ ከባለቤታቸው ጋር በእግር ሩጫ የተሽቀዳደሙትም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው።

ስለዚህ መነሻው ክልከላ አይደለም። ክልከላ የሚመጣው ከውድድሩ ጋር ተጎትተው በሚገቡ ነገሮች ነው፦ ሰላት ከወቅቱ ሲወጣ፣ ዐውራ ሲገለጥ፣ ውርርድ ሲገባ፣ ውሸት ሲጻፍ። ወላጅ ማወቅ ያለበት የትኛው በር ክፍት፣ የትኛው በር ዝግ እንደሆነ ነው።

ቴኳንዶን እንውሰድ። አገራችን በቶኪዮ ኦሎምፒክ በሰለሞን ቱፋ የተወከለችበት ስፖርት ነው፤ በየከተማው ልጆች ይወዱታል። ወላጆች ግን ሁለት ነገር ያነሳሉ። አንደኛው ለአሰልጣኝና ለተጋጣሚ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠት ነው። ሁለተኛው ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ እርግጫ ነጥብ ማስገኘቱ ነው፤ እኛ ደግሞ ፊትን መምታት እንደተከለከለ ከሐዲስ ተምረናል። እነዚህ የዋዛ ጥያቄዎች አይደሉም። «ስፖርት እኮ ነው» ብሎ ማለፍ ወላጁን ማናናቅ ነው። ጉዳዩ ከምዝገባ በፊት ለኡስታዝ ይቅረብ፤ አሰልጣኙም በግልጽ ይነገረው። በቴኳንዶ ውስጥ ፑምሴ የሚባል፣ ተጋጣሚ ሳይመታ የእንቅስቃሴ ጥራት ብቻ የሚመዘንበት ውድድር እንዳለ ብዙ ወላጅ አያውቅም። ይህን ቀድሞ ያወቀ አባት በ«እሺ» እና በ«እምቢ» መካከል ሌላ መንገድ ያገኛል።

ልብስን አስቀድማ ያየች እናት

ከእኛ ሜዳ በጣም የራቀ ስፖርት አለ፤ ፌንሲንግ፣ በእኛ አባባል የሻምላ ግጥሚያ። ወረታ ላይ ሻምላ ይዞ የሚሰለጥን ልጅ አላየንም። ሆኖም በዚህ ስፖርት የታወቀች አንዲት ሙስሊም ቤተሰቧ ያለፈበት ጥያቄ ከወረታ እናቶች ጥያቄ ጋር አንድ ነው።

ኢብቲሃጅ ሙሐመድ አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ያደገች ልጅ ናት። ወላጆቿ ልጆቻቸው ስፖርት እንዲሠሩ ይፈልጋሉ፤ ችግሩ ልብሱ ነበር። እናትየው በሌሎቹ ስፖርቶች መለያ ላይ ረጅም እጅጌ እየጨመሩ ያስተካክሉ ነበር። አንድ ቀን በመኪና ሲያልፉ በአንድ ትምህርት ቤት መስኮት ሻምላ የሚለማመዱ ልጆችን አዩ፤ ከእግር እስከ ራሳቸው የተሸፈኑ፣ ፊታቸው ላይ ጭንብል ያደረጉ። ልጅቷ በ13 ዓመቷ ጀመረች። ኋላም በ1984 ኦሎምፒክ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘው ፒተር ዌስትብሩክ ኒው ዮርክ ውስጥ ባቋቋመው ድርጅት ሰለጠነች፤ እዚያ ልጆች ከሻምላው ጎን የትምህርት ድጋፍም ያገኛሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተመረቀች። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ሒጃብ ለብሳ ለአሜሪካ የተወዳደረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ በሳበር የቡድን ግጥሚያም ነሐስ አገኘች። በዚያው ኦሎምፒክ ቱኒዚያዊቷ ኢነስ ቡበክሪ በፎይል ነሐስ ወስዳለች። ከእነሱ በፊት በ2012 ለንደን ላይ ግብፃዊው አላኤልዲን አቡልቃሲም ብር አግኝቶ በሻምላ ለአፍሪካ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አምጥቷል።

የኢብቲሃጅን ታሪክ የምናነሳው ለሜዳሊያው አይደለም። እናቲቱ ልጃቸው 12 እና 13 ዓመት ሲሞላት «በቃ፣ አድገሻል» ብለው ከማስቀረት ይልቅ ሒጃቧ የሚጠበቅበትን ቦታ ፈለጉ። በፎገራ ብዙ ሴት ልጆች ከሩጫ የሚቀሩት በዚሁ ዕድሜ ነው። ስድስተኛ ክፍል ወንዶቹን እየቀደመች ስትሮጥ የነበረች ልጅ ስምንተኛ ክፍል ላይ ከሜዳው ጠርዝ ቆማ ታያለች። አንድ ሰው ቢያስቀምጠውና ቢያወራው ኖሮ ግን መንገዱ ብዙም ሩቅ አልነበረም። የዓለም አትሌቲክስ ሕግ ረጅም ሱሪና ሒጃብ አይከለክልም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳራ አጣር ለሳዑዲ ዐረቢያ 800 ሜትር የሮጠችው ተሸፍና ነው። አዳማ አካባቢ የተወለደችው ሲፈን ሐሰን በ2024 ፓሪስ ላይ የማራቶን ወርቋን የተቀበለችው ሒጃብ ለብሳ ነው። አንገት ላይ የማይላላ ስካርፍ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ ሰፊ ቲሸርትና ቱታ ሱሪ ወረታ ገበያ ይገኛል። የሚጎድለው ልብሱን ለብሶ ቀድሞ መለማመድ ነው። በልምምድ ያልተሮጠበት ስካርፍ በውድድር ቀን ይፈታል፤ ልጅቷም ዓይኗ ከመስመሩ ወደ ራሷ ይዞራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የጉዞ ጥያቄ ነው። ውድድሩ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ሲያድግ ልጅቷ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ትሄዳለች። አባት «ከማን ጋር ትሄዳለች? የት ታድራለች?» ቢል ኋላ ቀር አያሰኘውም፤ መጠየቅ ግዴታው ነው። መልሱን ግን ከውድድሩ ዋዜማ በፊት ማግኘት አለበት። እናት ወይም አክስት አብራ መሄድ ትችል እንደሆነ፣ ሴት ኃላፊ መኖሯን፣ የማደሪያውን ቦታ፣ የሚደወልበትን ቁጥር ሁሉ ቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ማንም አሰልጣኝ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን ተዘግቶ መቀመጥ እንደሌለበትም ለወላጅም ለልጅም በግልጽ ይነገር። ይህ ለወንድ ልጆችም ይሠራል።

ሙሳበቃን የሚያውቅ ቤት ይህንንም ያውቃል

ወላጆቻችን ልጅን ለውድድር ማዘጋጀት አያውቁም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። በቁርኣን ሙሳበቃ ጊዜ ምን እንደሚያደርጉ እናስታውስ። ልጁ ወራት ቀድሞ ሙራጀዓ ይጀምራል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይደግማል። ዋዜማው ላይ አዲስ ሱራ አይጨመርበትም። እናት ቤቱን ጸጥ ታደርጋለች። ልጁ በጊዜ ይተኛል። ኡስታዙ በሰው ፊት አስቁመው ያስቀሩታል፤ እንዳይደነግጥ። ሲሳሳትም አይሰድቡትም፣ አርመውት ይቀጥላሉ።

አሰልጣኞች ስልጠና ብለው የሚያስተምሩት ከዚህ የተለየ አይደለም። ጉልበት የሚገነባው በትንሽ በትንሹ ነው፤ ከውድድር በፊት ባሉት ቀናት ጫናው ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም። ከእኛ መካከል ሲቪል ምህንድስና የሚማሩት ኮንክሪት ሠርተው በ28ኛው ቀን ጥንካሬውን ይፈትናሉ። በ27ኛው ሌሊት ሲሚንቶ ቢጨመር የሚለወጥ ነገር የለም። የልጅ ጉልበትም እንደዚያው ነው። በዋዜማው «ትንሽ ጨምር» ብሎ ማስሮጥ ያለውን ማባከን ነው።

ትልቁ ግጭት የሰዓት ነው። መድረሳ በአብዛኛው ከዐስር እስከ መግሪብ ነው፤ ልምምድም የሚመቸው ያኔ ነው። ስለዚህ ልጁ አንዱን ይሰርቃል፤ ለኡስታዙ አሰልጣኙን፣ ለአሰልጣኙ ኡስታዙን ምክንያት ያደርጋል። መፍትሔው ሁለቱን ማገናኘት ነው። ሁለቱም በአንድ ከተማ የሚኖሩ፣ በአንድ ገበያ የሚገበያዩ ሰዎች ናቸው፤ ግን ስለዚያ ልጅ ተነጋግረው አያውቁም። በሳምንት የትኞቹ ሁለት ወይም ሦስት ቀናት የልምምድ እንደሆኑ ይስማሙ። ሩጫ ከሆነ ከሱብሒ በኋላ ያለው ሰዓት አለ፤ የፎገራ ሜዳ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ልጁም ሰላቱን በጀማዓ ሰግዶ። ኡስታዙ የሚያውቁት ልምምድ ልጁን ከመድረሳ አያርቀውም።

የእርሻውንም ቀን መቁጠሪያ መርሳት አይገባም። በፎገራ ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ልጆችም የሩዝ አረም ላይ ናቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። በእነዚህ ወራት ልጁ ከማሳ ሲመለስ ሰውነቱ ሠርቷል፤ «ለምን ልምምድ ቀረህ» ማለት ግፍ ነው። አሰልጣኙ ከከተማ የመጣ ከሆነ ይህን ላያውቅ ይችላል። የሚነግረው እኛ እንሁን።

ዕድሜ አማና ነው

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። የታዳጊዎች ውድድር የሚከፈለው በዕድሜ ነው። ገጠር ውስጥ ደግሞ ብዙ ልጅ የተወለደበት ቀን አልተጻፈም፤ «ጎርፉ የበረታ ዓመት»፣ «እገሌ የሞተ ሰሞን» እየተባለ ይቆጠራል። በዚህ ክፍተት አንድ ሰው መጥቶ «17 በሉት፣ ወረቀቱን እኔ አስጨርሳለሁ» ይላል። አባት ለልጁ በጎ ያደረገ ይመስለዋል።

ይህ ውሸት ነው፤ በጽሑፍ የሰፈረ፣ በምስክር የታተመ ውሸት። ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) በኡሑድ ጊዜ 14 ዓመታቸው ስለነበረ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሳይቀበሏቸው ቀሩ፤ በኸንደቅ ጊዜ 15 ሲሞላቸው ተቀበሏቸው። ሰው በሚያስፈልግበት በዚያ ከባድ ቀን እንኳ የዕድሜ ወሰን ተጠብቋል። ለሜዳሊያ ብለን የምናፈርሰው በምን ሒሳብ ነው?

ዱንያዊ ኪሳራውም ቀላል አይደለም። ፊፋ ከ2009 ጀምሮ ለከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ እየመረመረ አጥንቱ እድገቱን የጨረሰ መሆኑን ያያል። በአትሌቲክስ ከ18 ዓመት በታች የነበረው የዓለም ሻምፒዮና በ2017 ናይሮቢ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተካሂዶ ቀርቷል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን እዚያው መስመር ላይ የቆመው እውነተኛው የ15 ዓመት ልጅ ነው። የ20 ዓመት ጎረምሳ ጎን ተሰልፎ ይቀደማል፤ «አልችልም» ብሎም ይተዋል። የእኛ ልጅ በውሸት ወረቀት ያሸነፈው የሰው ልጅ ሐቅ ነው።

ስለዚህ ለወላጅ የምንመክረው ግልጽ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ዛሬውኑ ያውጡ፤ ውድድር ሲመጣ ሳይሆን ልጁ ሲወለድ። ለትልልቆቹ በቤተሰብ የሚታወቀው እውነተኛ ዓመት ይጻፍ። ልጁ በዚያ ዕድሜ ካልተመረጠ የሚቀጥለው ምድብ ይጠብቀዋል።

ሰውነቱም አማና ነው

በኪሎ ምድብ በሚደረጉ ስፖርቶች ልጆች ከሚዛን በፊት ውኃ መጠጣት ያቆማሉ፣ ቱታ ደርበው በፀሐይ ይሮጣሉ። ያ የሚቀንሰው ስብን ሳይሆን ውኃን ነው፤ ራስ ያዞራል፣ ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል። ለሚያድግ ልጅ ትክክለኛው ምድብ በልቶ ጠጥቶ የሚመዘንበት ነው። ኪሎ እንዲቀንስ የሚጠይቅ ካለ ወላጅ «አይሆንም» የማለት መብት እንዳለው ይወቅ።

ፎገራ የወባ አገር ነው፤ በውኃው ውስጥም ቢልሃርዝያ አለ። ጥሩ ይሮጥ የነበረ ልጅ ድንገት ቶሎ ቶሎ ከደከመው «ሰነፈ» ከማለት በፊት ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከወባ ገና የተነሳ ልጅ ለውድድር አይሰለፍ።

ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋል። በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሳንባ ግን ሩቅ ነው። የእኛ ሜዳ ልጅ እዚያ እንደለመደው ከመነሻው ቢበርር ግማሽ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህን ቀድሞ የተነገረው ልጅ በእርጋታ ይጀምራል፤ ያልተነገረው «ደካማ ነኝ» ብሎ ይመለሳል።

ረመዷን ላይ ውድድር ሲወድቅ ጉዳዩ የልጁን ዕድሜ፣ ጉዞውንና ጤናውን አይቶ በኡስታዝ ይወሰን። የ2012 የለንደን ኦሎምፒክ በረመዷን ውስጥ ሲካሄድ ብዙ ሙስሊም ስፖርተኞች ይህንኑ ጥያቄ ለዑለማ አቅርበዋል። ልጅ ብቻውን የሚወስነው ነገር አይደለም።

31 ልጆች ተሸንፈው ይመለሳሉ

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 32 ልጆች በጥሎ ማለፍ ቢጋጠሙ 31 ግጥሚያ ይደረጋል፤ 31 ልጆችም በሽንፈት ይወጣሉ። ሳይሸነፍ ወደ ቤቱ የሚመለሰው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ሊዘጋጅበት የሚገባው በጣም የተለመደው ውጤት ሽንፈት ነው። እኛ ግን ለድል ብቻ እናዘጋጃለን፤ ጎረቤት ይጠራል፣ ስሙ ይነሳል፣ ልጁም በባዶ እጁ ሲመለስ የሚገባበት ያጣል።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግመል ዐድባእ ተቀድማ አታውቅም ነበር። አንድ ገጠሬ በግመሉ መጥቶ ቀደማት፤ ሰሐቦች ከበዳቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን በዚህ ዓለም ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ዝቅ ማለቱ የአላህ ሥርዓት መሆኑን አስረዷቸው። ለተሸነፈ ልጅ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ የለም። ሻምላ ተጋጣሚዎች ከግጥሚያው በፊትም በኋላም ለተጋጣሚያቸውና ለዳኛው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ተሸናፊውም ጭምር። ይህ አደብ ከእኛ የራቀ አይደለም።

ልጁ ከሜዳ ሲወጣ የመጀመሪያው የወላጅ ቃል «ስንተኛ ወጣህ?» ባይሆን ጥሩ ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ጨረስክ፤ ውኃ ጠጣ» ይበቃል። ስሕተቱን አሰልጣኙ በማግስቱ ያርመዋል። ከመስመር ዳር ዳኛ የሚሰድብ አባትም ለልጁ ምን እያስተማረው እንደሆነ ያስብ።

በዚህ ዕረፍት ምን እናድርግ?

የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም። ወረታም ሆነ ሌላ ቦታ የምንገባ ሁላችን በአካባቢያችን ሦስት ነገር እንሥራ። ከመድረሳው ኡስታዝና ከትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ጋር ሄደን እናገናኛቸው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ከጁሙዓ በኋላ ወላጆችን አሰባስበን ስለ ልብሱ፣ ስለ ጉዞው፣ ስለ ዕድሜውና ስለ ሽንፈት በቀላል ቋንቋ እንንገር፤ እናቶችን የጀመዓችን እህቶች ያነጋግሯቸው። ከወረዳው የስፖርት ጽሕፈት ቤት የዓመቱን የውድድር ቀናት ጠይቀን ከፈተና፣ ከአጨዳና ከረመዷን ጋር አስተያይተን በአንድ ወረቀት ጽፈን መድረሳው ግድግዳ ላይ እንለጥፍ።

እ.ኤ.አ. ለ2026 በዳካር የተቀጠረው የወጣቶች ኦሎምፒክ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ውድድር ነው፤ ሻምላም ከሩጫና ከቴኳንዶ ጋር በዝርዝሩ ውስጥ አለ። የፎገራ ልጅ እዚያ ይደርሳል ብለን ቃል አንገባም። ሰላቷን ሰግዳ፣ ሒጃቧን ጠብቃ፣ እውነተኛ ዕድሜዋን አስመዝግባ ደብረ ታቦር ላይ ሮጣ በሰላም ወደ ቤቷ የምትመለስ አንዲት ልጅ ካገኘን ግን ዕረፍታችን በከንቱ አልፏል አንልም።

አላህ ኒያችንን ያስተካክል፤ ልጆቻችንን በዲንም በጤናም ያጠንክርልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።